ሪምን «ቀሪ» ብዬ አልጽፍም ያልኩ ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ነው። የማልረሳው ሪያድ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አሠሪዬን ፊት ለፊት «እምቢ» ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ነው።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ሐይቅ ዳር ስላደግኩ ዋና ማንም አላስተማረኝም። ሪያድ የመጣሁት ለቤት ሠራተኝነት ነበር፤ ኋላ መላዝ ሰፈር ወዳለ አንድ የሴቶች ዋና አዳራሽ በጽዳት ተዛወርኩ። አንድ ቀን ጥልቁ ውሃ ውስጥ የምትንፈራገጥ ሕፃን ከነልብሴ ዘልዬ ገብቼ አወጣሁ። ያዩት እናቶች «ልጆቻችንን እሷ ታስተምርልን» አሉ፤ መወልወያዬን አስቀምጬ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ልጆቹ «አብላ ዘይነብ» ይሉኛል፤ መምህርት ማለታቸው ነው።

ለውድድር የማዘጋጃቸው ስምንት ልጆች ነበሩኝ። ትንሿ ሪም ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በጀርባዋ ስትዋኝ ለማየት የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ሥራቸውን ያቆማሉ። የመጀመሪያ ውድድሯ ስለነበር ቀኑን በጣቷ ትቆጥር ነበር።

የአዳራሹ ኃላፊ ኡስታዛ ሙኒራ ሁለት ደንብ ነበራት። የወር አበባ የመጣባት ልጅ ውሃ አትገባም፤ ውሃው ይቆሽሻል ተብሎ ቀሪ ትባላለች። በወር ከሁለት ልምምድ በላይ የቀረች ደግሞ ከውድድር ትሰረዛለች። ልምምዱ በሳምንት አራት ቀን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ልጅቷ የምትቀጣው ሴት ሆና በመፈጠሯ ነው። ስም የምጠራውና መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አልዋሽም፣ አንድ ዓመት ሙሉ የታዘዝኩትን እየጻፍኩ ኖሬያለሁ።

አንድ ሰኞ ሪም ከልብስ መቀየሪያው ወጥታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶባታል። የሚያስፈልጋትን ሰጥቼ ሆዷን ያማት እንደሆነ ብጠይቃት ሕመሙን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። እንባዋ እየወረደ ከውድድሩ ልትወጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

መዝገቡን ከፈትኩ። በዕድሜ ከሷ የሚበልጡት ሰባቱ ልጆች፣ መዝገቡን ካመንን፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ የወር አበባ አይተው አያውቁም። ያን ቀን ነው ነገሩ ያንገሸገሸኝ። ልጅቷ መጥታለች፤ ፊቴ ቆማለች። የመጣችን ልጅ እንዴት ብዬ ነው ቀረች የምለው?

«ተገኝታለች» ብዬ ጻፍኩ። ቱታዋን አስለብሼ የላስቲክ ገመድ ከአግዳሚው ጋር አሰርኩላትና ገመዱን በክንዷ እንደ ዋና ስትስብ ዋለች። ሦስት ልምምድ እንዲሁ ውሃ ሳትነካ ሠራች፤ ላብ በላብ ሆና ነበር የምትሄደው። ሦስቱንም ቀን ተገኝታለች አልኩ።

በሳምንቱ ኡስታዛ ሙኒራ አስጠራችኝ። በር ላይ አብራኝ የምትኖረው የጽዳት ሠራተኛዋ ፀሐይ መወልወያዋን ይዛ ጠበቀችኝ። «እህቴ፣ ኢቃማሽ እጇ ላይ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ያለችሽን ጻፊና እንጀራሽን ብይ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚህ አገር መኖሪያ ፈቃድሽ ያለው አሠሪሽ እጅ ነው። እንዲያም ሆኖ ገባሁ።

ሙኒራ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ሪም ውሃ ሳትገባ ተገኝታለች መባሏ ውሸት ስለሆነ አስተካክዪው አለችኝ። እስክሪብቶም ሰጠችኝ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ኡስታዛ፣ በወር አበባዋ ያልሰገደች ሴት ያለፋትን ሰላት መልሰሽ ስገጂ አትባልም» አልኳት። «አላህ ቀሪ ያላላትን እኔ ቀሪ አልልም።»

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ሃይማኖት ልታስተምሪኝ ነው ወይ ብላ መዝገቡን ሳበችና ሦስቱንም ቀን በገዛ እጇ በቀይ ሰረዘች። ከነገ ጀምሮ ወደ ጽዳትሽ ተመለሺ፤ አንዲት ቃል ብትጨምሪ ወደ አገርሽ እመልስሻለሁ አለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ፣ ወደ መዝገቡ ብመለስም የምጽፈው ያንኑ እንደሆነ ነገርኳትና ወጣሁ።

በማግስቱ መወልወያ ይዤ ገንዳው ዳር ነበርኩ። ሙኒራ ልጆቹን ሰብስባ ሪም ከውድድሩ መሰረዟን ነገረቻቸው። ሪም አንገቷን ደፋች። የሁሉም ታላቅ ጀዋሂር፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ የአዳራሹ አንደኛ ዋናተኛ፣ ውሃው እየተንጠባጠበባት ወደ ፊት ወጣች።

«እንግዲያው እኔም መሰረዝ አለብኝ» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ እየመጣብኝ ለዚሁ የተሠራ የዋና ልብስ ለብሼ እዚህ ስዋኝ ነበር። ዛሬም መጥቶብኛል።»

ሁላችንም ውሃውን አየነው። ውሃው ምንም አልሆነም። ከኋላ ሌላዋ እጇን አወጣች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ያለ ጀዋሂር አዳራሹ የሚልከው ቡድን እንደሌለ ሙኒራ ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ፊቷን አዙራ ወደ ቢሮዋ ሄደች። እልል ልል አፌን ስከፍት አንድ ነገር ልቤን ወጋኝ። ጀዋሂር ሁለት ዓመት ስትደበቅ የተደበቀችው ከሙኒራ ብቻ አልነበረም፤ ከእኔም ነበር። ያለፈውን ዓመት እስክሪብቶው በእኔ እጅ ነበራ!

ከሁለት ቀን በኋላ መዝገቡን ገንዳው ዳር ባለው የመምህርነት ወንበሬ ላይ አገኘሁት። ይቅርታም ማብራሪያም የለም፤ የሪም ስም ግን ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ተመልሷል፤ እኔም ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ሙኒራ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፤ እኔም አልሞትኩም። አሁን የፈለገች ትዋኛለች፣ ያልፈለገች ከውሃው ውጭ ትሠራለች፣ ሁለቱም ተገኝተዋል። ሪም ተወዳድራ አራተኛ ወጣች። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ አራተኛ ያደረጋት ግድግዳው ጋ ስትዞር መዘግየቷ እንደሆነ ነግሬያት በማግስቱ እሱኑ አሠራኋት።

አልፈራሽም ወይ የሚሉኝ አሉ። ፈርቼ ነበር። እምቢ ማለቴ ግን አንድም ቀን አልቆጨኝም። የሚያቃጥለኝ ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ነው። ከሪም በፊት እውነቱን የነገሩኝ ሁለት ልጆች ነበሩ። እኔው በእጄ ቀሪ ብዬ ጻፍኳቸው፤ ከውድድር ተሰረዙ፤ ወደ ዋናም ዳግም አልተመለሱም። ስማቸውን አልረሳሁም። ሦስተኛ ግን አይኖርም፤ ኢቃማዬ ቢሄድም ይሂድ።