ደብቄ የተማርኩት አዊኛ

አማቴ ቡሬ ወዳለው ቤታችን የመጡት አራስ ሊጠይቁኝ ነው። «ለክርስትናዋ ደርሼ እመለሳለሁ» ብለው ሰማያዊ የጉዞ ቦርሳቸውን ግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀሉ። ክርስትናው አለፈ፣ ልጄ ዳዴ አለች፣ ቆማ ሄደች፤ እሳቸው ግን አልሄዱም።

እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፤ ከአማርኛ ሌላ አላውቅም ነበር። ባሌ አዊ ነው። ማታ ገበታ ሲቀርብ እናትና ልጅ አዊኛቸውን ይጀምራሉ። አማቴ አማርኛ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ገበያ ወጥተው ከነጋዴ ጋር የሚከራከሩት በአማርኛ ነው። ነገር ግን አማት ምራቷን ፊት ለፊት አትገስጽም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ስለ እኔ የሚባለው ሁሉ እዚያው እኔው ፊት፣ ለልጃቸው፣ በአዊኛ ይባላል። ባሌን «ምን አሉ?» ስለው «ወጡ ጣፍጧል አሉ» ይለኛል። ፊታቸው ግን ጣፍጧል አይልም።

በጣም ተናደድኩ። መታማቴስ ይሁን፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ሐሜቴ ሲያመልጠኝ ነው ያንገበገበኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ጆሮዬን ዘመድ ላደርገው ቆረጥኩ።

አዊኛው መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር። አንዱ ቃል የት ጋ አልቆ ሌላው የት ጋ እንደሚጀምር አይለይም። ዘዴውን ያገኘሁት ከልጄ ነው። ገና የአንድ ዓመት ልጅ ሳለች፣ አያቷ ሲናገሩ መጀመሪያ ዓይናቸውን ታያለች፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ያረፈበትን፣ ከዚያ ማን ተነሥቶ ምን እንዳመጣ። እኔም እሷን መሰልኩ። አማቴ አንድ ነገር ብለው ባሌ ጨው ሊያመጣ ሲነሣ ያችን ድምፅ ያዝ አደርጋለሁ፤ በሌላ ቀን ስትደገም እንደ ቀድሞ ወዳጅ ትታወቀኛለች። እኔና ልጄ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሆንን ማለት ነው። እሷ የያዘችውን ቃል ወዲያው ጮክ ብላ ትለዋለች፤ እኔ እውጠዋለሁ።

ልጄ አፏን ስትፈታ ለየሰዉ ቋንቋውን አደለች። ለአያቷና ለአባቷ አዊኛ፣ ለእኔና ለጎረቤት አማርኛ። ይህን እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም። የማታውቀው ሰው ከመጣ ትንሽ ታየዋለች፤ የሚሰማላት በየትኛው እንደሆነ ለይታ ከዚያ ትጀምረዋለች።

እኔ በድብቅ ጆሮዬ ደልቶኛል። ማታ «ወጧ ጨው ያንሰዋል» ሲሉ እሰማለሁ፤ በማግስቱ ጨው አይጎድልም። «ሕፃኗን ብርድ ላይ ታወጣታለች» ሲሉ በማግስቱ ሹራብ ደርባ ትውላለች። አንድ ቀን «ይቺ ልጅ ሳይነግሯት የምታውቅ ናት» ብለው ለባሌ ሲያመሰግኑኝ ሰማሁና ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ብቻዬን እንኳ አልነበርኩም። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ሽቅብ ታየኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ እሑድ ምሳ በልተን እንደጨረስን፣ አማቴ ባሌን በአዊኛ «በል ልጄ፣ ነገ በማለዳ መኪና ፈልግልኝ» አሉት። «ጓዜን ሸክፌያለሁ፣ አገሬ ልግባ። ልጅቱም አድጋለች። ከሚስትህ ጋር እንደሆነ ቁም ነገር አናወራም፤ እስከ መቼ እንግዳ ሆኜ እቀመጣለሁ?» ባሌ አቀረቀረ።

እኔም ደነገጥኩ። ያንን ቤት ያለ እሳቸው ማሰብ አቃተኝ፤ ለካ ወድጃቸዋለሁ። «አይሂዱ» ብል ዓመታት የደበቅሁት ይወጣል፤ ዝም ብል ነገ የሉም። እልኸኛ ነኝና ምንም እንዳልገባው ሰው ሳህን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ልጄ መጥታ ፊቴ ቆመች። ለእኔ ሰጥታኝ በማታውቀው ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ «እማዬ፣ አያቴ ልትሄድ ነው። እንቢ በያት» አለችኝ።

ባሌ ሳቀባት። «አንቺ፣ እናትሽ አዊኛ አትሰማም እኮ!»

«ትሰማለች» አለች ልጄ። «ጓዳ ገብታ ትስቃለች።»

ባሌ ዞሮ አየኝ። «ወጡ ጣፍጧል» ያለኝ ሁሉ ትዝ እያለው መሰለኝ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። አማቴ ግን ቅንጣት አልደነገጡም። «እህ፣ መልሽላት እንጂ፣ አካሌ» አሉኝ፤ እሳቸውም በአዊኛ።

ስሰማው የኖርኩት ቋንቋ አፌ ላይ ሲደርስ ጠጠር ሆነብኝ። እንደ ሕፃን እየተንተባተብኩ «አይሂዱብኝ፣ እማማ። እወድዎታለሁ» አልኩ። ልጄ መሐል ገብታ አንዱን ቃል አረመችልኝ።

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔማ ከጨው ጊዜ ጀምሮ ነው ያወቅሁብሽ» አሉኝ፣ አሁን በአማርኛ። «ምራት ፊት ለፊት አትገሰጽ፤ ለልጄ እናገራለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ፣ ቤቱም ይቃናል። ምን ጎደለብኝ? ግን ደግሞ የሰው ወግ ይናፍቃል እኮ። መቼ ታናግረኝ ይሆን እያልኩ አረጀሁ።»

ጉልበታቸውን ስሜ፣ የሸከፉትን ጓዝ ልፍታላቸው ብዬ ወደ መኝታ ቤታቸው ገባሁ። ያቺ ሰማያዊ ቦርሳ ምስማሯ ላይ ባዶዋን ተንጠልጥላለች፤ የሸረሪት ድር ከግድግዳው ጋር አያይዟታል።