ጫቅሉ በማን ወጣ?

እግዜር ባሌን ጫቅሉን ሲፈጥር አንጀቱን ረስቶታል። አባቱ የሞቱ ለት ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ፣ እሱ የመጣውን እዝን ጥርግ አድርጎ በልቶ «ወጡ ጨው ያንሰዋል» አለ። እናቱ «በአባቱ ወጥቶ ነው፤ እነሱ ድንጋይ ናቸው» ይላሉ። የአባቱ እህት ደግሞ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም፤ ከእናቱ ነው» ይላሉ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ተሰደን ገዳሪፍ አጠገብ መጠለያ ገባን። መጀመሪያ ማሽላ እንዲያድሉ የተመረጡት ደጋጎች ነበሩ። ላለቀሰ ሁሉ ጣሳውን እየቆለሉ ሰፈሩና የሰልፉ እኩሌታ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሙዲሩ፣ ሱዳናዊው የመጠለያው ኃላፊ፣ ተናዶ «ልቅሶ የማይበግረው ሰው አምጡልኝ!» ቢል፣ አገሬው በሙሉ ወደ ባሌ ጠቆመ።

ጫቅሉ ጣሳውን ይሞላል፣ አናቱን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ከዚያ በሚያውቃት አንዲት ዓረብኛ «ኸላስ!» ይላል፤ በቃ ማለቱ ነው። የገዛ እናቱ እያለቀሱ ቢለምኑትም «ኸላስ!» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ሳይደርሰው የቀረ ሰው የለም።

ሰው ሲመርቀው ታዲያ እናቱ «በእኔ ወጥቶ ነው!» አሉ። አክስቱም ነጠላቸውን ታጥቀው «ምን ሲደረግ! ቁርጥ ወንድሜን!» ብለው ተነሱባቸው።

እኔ ምንተዳዬ! ልጄ እናኑ በእኔ ወጥታለች፤ ሆደ ቡቡ ናት። ይህን እያልኩ ቤቴ ስደርስ እናኑ ደጅ ተቀምጣ በጣሳ አሸዋ ትሰፍራለች።

«ለእናትሽም ስፈሪላት እንጂ፤ ቆለል አርጊው» አልኳት።

ጣሳዋን ሞላች፤ አናቱን በመዳፏ ጠረገችና ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ኸላስ!» አለችኝ።