በእግር የታዘዘ መድኃኒት

የአባቴ ልብ የተጎዳው ደም የሚያደርሱለት ሥሮች ጠበው ነው። አዲስ አበባ ያየቻቸው ሐኪም፣ ጥበቱ ብዙ ቦታ ስለሆነ በቱቦ ማስፋትም ሆነ ቀዶ ጥገና እንደማይሆናቸው ነገረችን። አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል ሕክምና በውጭ አገር እየተሞከረ ቢሆንም ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም አለች።

"እስከዚያ ግን ልብ ራሱ በጎን ቀጫጭን ሥሮች ሊያወጣ ይችላል። የሚያግዘው እርምጃ ነው። በየቀኑ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ ደረትዎን ሲጨንቅዎ ይረፉ፣ ሲለቅዎ ይቀጥሉ።"

አባቴ የቀወት ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸውን በማሽላ ማሳ ሲመላለሱ ለኖሩ ሰው እርምጃ ምን ይከብዳል ብዬ ተደሰትኩ። የረሳሁት አገሬን ነበር። እኛ ዘንድ የታመመ ሽማግሌ በእግሩ ሲሄድ አይቶ የሚያልፍ የለም።

በመጀመሪያው ማለዳ አብረን ወጥተን የጀውሃ መንገድ ላይ ገና ሳያልባቸው ባጃጅ አጠገባችን ቆመ።

"አባባ ይግቡ፤ ወላሂ ትቼዎት አልሄድም።"

እምቢ ማለት ነውር ነውና ገቡ። በማግስቱ ደግሞ ጎረቤታችን ጭነቱን ከአህያው አራግፎ ካልተቀመጡ ብሎ ሞገተ። ሐኪሟ ናት ያዘዘችው ብል ማን ሰምቶኝ! ደረታቸውን ይዘው ሲቆሙማ መንገደኛው ሁሉ ተሰበሰበ። መቆሙም የሕክምናው ክፍል ነው ስላቸው እንደ እብድ አዩኝ። ደግነት እንዲህ ያናድዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ ወሬው መጣ። "ተማርኩ ብላ በሽተኛ አባቷን እንደ ከብት በፀሐይ ትነዳለች" ተባልኩ። የሰው አፍ አይዘጋም ብዬ ተውኩት። አባቴ ግን ሰሙ፤ ከሰሙ ወዲህ ለእርምጃ መውጣት ተዉ።

"አባ፣ ቢያሙኝም ይሙኝ። እርስዎ ብቻ ይራመዱልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። አለቀስኩም። አባቴ እንዳይሞቱብኝ ፈርቻለሁ።

"ልጄ፣ አንቺ ስትታሚ ደረቴን የሚይዘኝ በእርምጃው ከሚይዘኝ ይብሳል። ዱዓ አድርጊልኝ፤ አላህ ካለ ተቀምጬም ሥሩን ያወጣልኛል" አሉኝ።

አሁን ከደጃችን ወደሚታየው መስጊድ እንኳ በባጃጅ ነው የሚሄዱት። በቀደም ገበያ ውስጥ አንዲት እናት እጄን ይዘው፣ "አባትሽን መሬት ሳታስረግጪ በባጃጅ እያመላለስሽ ያዝሻቸው፤ ልጅ ማለት እንዳንቺ ነው፣ አላህ ይውደድሽ" አሉኝ።

አሚን አልኩ።