ቀበቶ የማይወደው ውሻ

ልብስ ሰፊዋ፣ የሚያሳድገው ሰው እስኪገኝ ብላ ከውሾች መጠለያ በአደራ ያመጣችው ውሻ አንድ ዓመል ብቻ ነበረው፤ ደንበኛ ወገቡን ሊለካ ቀበቶውን ሲፈታ ያብዳል። የስንቱን ሱሪ ተለተለው! “መልሺው” ያላላት የለም። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ከበሩ ውጭ ሚስማር መታችና “ቀበቶዎን እዚህ ሰቅለው ይግቡ” ብላ ጽፋ ለጠፈች።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ ሱሪ ሊለካ መጣና ጽሑፉን አንብቦ ሳቀ።

“ለውሻ ብዬ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ልግባልሽ?” ብሎ መሀል ሱቁ ላይ ቀበቶውን መዘዘ። ውሻው ከስፌት መኪናው ሥር ተወርውሮ ወጣ። ወንድምየው ቀበቶውን ሁለት አጥፎ እጁን አነሳ። እሷ መሀል ገባች።

“ዘወር በይ! ይሄ አውሬ ካልተገረፈ አይታረምም።”

“አባባም እኛን ሲገርፍ እንዲህ ነበር የሚለው” አለችው። “ታዲያ አንተን አረመህ?”

እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀበቶውን ነጠቀችው፤ ከጨርቅ በቀር ምንም ቆርጣበት በማታውቀው መቀስም ለሁለት ቆረጠችው።

“በል አሁን ሱሪህን በእጅህ ይዘህ ውጣልኝ።”