ዐመሉ ያልተነገረ ላፕቶፕ

በእኛ በፎገራ በሬ ሲሸጥ ሻጩ ዐመሉን ይናገራል። ይወጋል፣ ትልም መሃል ይተኛል፣ በግራ እንጂ በቀኝ አይጠመድም ይላል። ይህን ደብቆ የሸጠ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ቀና ብሎ የሚቆምበት ቦታ የለውም። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ማንበቡንም የውሃ ሞተር ጥገናውንም የተማርሁት ብቻዬን ነው። ልጄን አስከትዬ አሮጌ ላፕቶፕ ልገዛላት ወረታ ስገባም የያዝሁት እውቀት ይኸው የከብት ገበያ ደንብ ነበር።

ልጄ ደብረ ታቦር ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው የጓደኞቿን ኮምፒውተር እየለመነች፣ እነሱ ሲያርፉ እየጠበቀች ነው። በዚህ አያያዝ ከእኩዮቿ ጋር እንደማትመረቅ ለዕረፍት ስትመጣ ነገረችኝ። ሰኞ ልትመለስ ነው። በእጄ ያለው ገንዘብ ደግሞ ለሽንኩርቱ ማጠጫ አዲስ ሞተር ልገዛበት ያስቀመጥሁት ነው። አሮጌው ሞተር ውሃ የሚስበው እየሳለ ነው።

ሱቁ ባጃጆች ከሚቆሙበት ከመገንጠያው አጠገብ ነው። ሻጩ ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ላፕቶፕ አውርዶ በክንዱ ጠራረገው።

«ይኼ እንደ አዲስ ነው አባቴ። አንዳች እንከን የለበትም።»

«ዐመሉን ንገረኝ» አልሁት።

«የኮምፒውተር ዐመል?»

በሩን ተደግፎ የቆመ የባጃጅ ሹፌር «አይራገጥም በላቸው እንጂ» አለ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ልጄ አንገቷን ደፋች።

ሻጩ እየሳቀ «ራሙ አነስ ስለሚል እንጨምርለታለን። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣኑን ዲስክ እንከትበታለን። ከዚያ እንደ ወፍ ይበራል» አለኝ።

«እንከን ከሌለበት ምኑን ነው የምትለውጠው?»

«ማሻሻል ነው እንጂ አባቴ፣ እንከን አይደለም።»

«እኔ የሰው ሞተር ሳድስ ምኑ እንደሞተ ለባለቤቱ ሳልነግር ብሎን አልፈታም» ብዬ ወጣሁ። ልጄ ተከተለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች፤ ወርደን በታጨደው የሩዝ ማሳ መሃል ስንሄድም ቀድማኝ ሄደች። ተከራክራኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማረፍ አቃተኝ። ሞተሩን ፈታሁት፣ ምንም ሳልነካው መልሼ ገጠምሁት። ወደ ሽንኩርቱ ወረድሁ፣ ቦዩን ሳልከፍት ተመለስሁ። አታላይ ነጋዴ ነው፣ አልሸነፍለትም እላለሁ፤ ወዲያው ሰኞ ትዝ ይለኛል። ባለቤቴ በመጨረሻ ሰለቻት።

«ወይ ግዛላት፣ ወይ እንቢ በላት። ግቢውን አረስኸው እኮ።»

«ውሸት አልገዛም።»

«ውሸቱን ማን ግዛ አለህ? እቃውን ነው።»

በማግሥቱ ልጄ ሳትነግረኝ ወጣች። እናቷን ብጠይቃት ወረታ ሄዳለች አለችኝ። ቀኑ አልመሽ አለኝ። ለብቻዋ ሄዳ እያለቀሰች ስትለምነው ይታየኛል፤ የእኔ ልጅ ነጋዴ ደጅ ቆማ ስትለምን። መንገዱ እስከሚታይበት ጉብታ ድረስ እየወጣሁ እመለሳለሁ። ስትመጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አላለቀሰችም። እግሯ አቧራ እንደለበሰ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ቀኑን ሙሉ ሱቁ ቁጭ ብዬ ስሠራበት ዋልሁ። መብራት ሲጠፋም አልተነሣሁም» አለችኝ።

«እና?»

«ባትሪው ቶሎ ይሞታል። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ነው የጠፋብኝ። የክዳኑ ማጠፊያ በግራ በኩል ተሰንጥቋል። ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። አንዷ ቁልፍ ጠበቅ አድርገው ካልመቷት አትሰማም። ብዙ ነገር አንድ ላይ ሲከፍቱበት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይኸኛው ራሙ ሲጨመር ይተወዋል።»

«ሌላስ?»

«ከጎኑ ያለውን ቀጭኑንም አይቸዋለሁ። እሱ ያምራል፤ ግን ራሙ ከውስጥ ሰሌዳው ጋር ተበይዷል፣ አይጨመርለትም። ወፍራሙ ከሥሩ ብሎኑ ይፈታል። እርስዎም ሊፈቱት ይችላሉ።»

«እንድገዛልሽ ነው ወይስ እንድተወው የምትነግሪኝ?»

«እኔ አላውቅም አባዬ። ዐመሉን ጠየቁ፤ ዐመሉን አመጣሁ።»

እውነቱን ለመናገር ከበፊቱ የባሰ ጨነቀኝ። ሻጩ ዋሽቶኛል እያልሁ ሳለሁ ውሳኔው በእሱ ላይ የተጣለ ይመስለኝ ነበር። አሁን የማኮርፍበት ሰው የለም። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ለሽንኩርቱ ያስቀመጥሁትን ለእሷ መስጠት ነው። ልጆቼን ስለ እውነት ብዙ ገሥጫለሁ። እውነት ግን የሚከብደው ለተናጋሪው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ይህች ልጅ በእጅጉ የምትፈልገውን ዕቃ እንከን አንድ በአንድ ስትዘረዝር፣ የሰማሁት እኔም ሸክሙ እንዳለብኝ ያን ዕለት አወቅሁ።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ሻጩ ልጄን ሲያይ ፈገግ አለ። «አባቴ፣ እኔ ልንገርዎት ወይስ ነግራዎታለች?»

«አንተ ንገረኝ።»

ተናገረ። ማጠፊያውን ጭምር ተናገረ። ሲጨርስ «ክፈተው» አልሁት። ሆዱ ሲከፈት ማራገቢያው ላይ የሩዝ ገለባ ብናኝ ተጋግሯል፤ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሲሠራበት የቆየ ኖሯል።

«ለዚህ ነው የሚጮኸው» አልሁ።

«ይኼን እንኳ እኔም አላወቅሁም» አለ።

በብሩሽ ጠረገው፣ ራሙን ጨመረ፣ ዲስኩን ለወጠ። የመጨረሻውን ብሎን ግን ከእጁ ተቀብዬ እኔ አጠበቅሁት፤ ለአዲሱ ሞተር ያስቀመጥሁትን ገንዘብም ቆጥሬ ሰጠሁት። የባጃጁ ሹፌር ዛሬም በሩ ላይ ነበር። «ተጠመደ?» አለኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ።

ሰኞ ልጄ ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሄደች። እኔ ወደ አሮጌው ሞተር ተመለስሁ። ስሠራም ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። ሐሙስ ደወለች።

«ማጠፊያው ተገነጠለ አባዬ። ክዳኑን ከግድግዳ ጋር አስደግፌ ነው የምሠራው።»

«ጽሑፉስ?»

«እየሄደ ነው።»

«ስትመጪ በሽቦ አስርልሻለሁ» አልኋት። ስልኩን ኪሴ ከትቼ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳብሁ። ሞተሩ ሳል ሳል አለና ተነሣ፤ ውሃውም ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። ነገ ይነሣ አይነሣ አላውቅም።