ቬርላ ቬጋስን ልታይ ስትነሣ

ቬርላ ሀግስትሮም ዕድሜዋን ሙሉ በቤከርስፊልድ ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። የሰውን ልጅ ሁሉ ወደ ሙዚየሙም ወደ ባሕሩም አድርሳ መልሳለች፤ ራሷን ግን የትም አላደረሰችም። በመብራት ያሸበረቀችው ላስ ቬጋስ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ብትሆንም አንድም ቀን አላየቻትም። የፀደይ ዕረፍት ሲቃረብ ታዲያ ራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ሮይስ፣ ቬጋስ እንሂድ። ሁለት ሌሊት ብቻ።»

ባሏ ሮይስ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። «በረሃ ድረስ መብራት ለማየት? እዚህ መብራት ጠፍቶብሻል?»

«ጠፍቶብኛል! ካንተ ጋር ገና ሳይመሽ እየተኛሁ የት አየዋለሁ? ደግሞ የምትነዳው አንተ ነህ። እኔ እግሬን ሰቅዬ ለውዝ እበላለሁ።»

ሮይስ እያጉረመረመ እሺ አለ፤ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ትልቁን ግድብ ካላየሁ ብሎ ድርቅ አለ። እሷ የጓጓችው በገመድ ላይ የሚገለባበጡ ሰዎች ለሚያሳዩት የማታ ትርኢት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲነታረኩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ቬርላ መረራት።

«አንተ ግድብህን እይ፣ እኔ ትርኢቴን አያለሁ!» አለችና ለራሷ ብቻ ቲኬት ቆረጠች።

ከተጋቡ ጀምሮ ለየብቻ ተዝናንተው አያውቁም። በማግስቱ ሮይስ ከገበያ ሲመለስ አንድ ፌስታል ደብቆ መኝታ ቤት ገባ። ቬርላ ተከትላው ብትገባ መስታወት ፊት ቆሟል፤ የለበሰው ሸሚዝ ሐምራዊ ሆኖ ያብለጨልጫል።

«ይሄ ደግሞ ለግድቡ ነው?»

«ግድቡማ ቀን ነው። ማታ ብቻዬን ሆቴል ተቀምጬ ግድግዳ ላይ ላፍጥ?»

«በስመ አብ! የሬሳ ሣጥን ገበር መስለሃል እኮ!» ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሳቂ፣ ሳቂ። ብቻ ቲኬት ቁረጪልኝ።»

ጎን ለጎን የተገኘው ወንበር ከሁሉም የኋላው ነበር፤ ቬርላ ሳታመነታ የራሷን ቲኬት ቀየረች። ቬጋስ ሲደርሱ ግድቡንም አብራው ሄዳ አየች፤ እንዲያውም አስጎብኚውን በጥያቄ መግቢያ መውጫ ያሳጣችው እሷ ነበረች። ማታ ትርኢቱ ላይ ግን ሮይስ ሰዎቹ ከገመድ ገመድ በዘለሉ ቁጥር ብድግ እያለ ይጮህ ጀመር።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ሰው እያየን ነው!»

«ዝም በይ፣ አሁን ሊዘል ነው!»