ግሌኒስ ዝም ያለች ዕለት

ግሌኒስ ባክሃውስ ወሬ ትወዳለች ማለት ውሃ ያረጥባል እንደማለት ነው። ላንሰስተን ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ፌርማታው ያላለፈው ሰው የለም፤ ሾፌሩ ራሱ አንዴ አልፎታል። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ለጥናት የቀጠሯት! ጥናቱ ቤት አጥተው ውጭ ስላደሩ፣ አእምሯቸው ታሞ ስላገገሙና ለማገገም ደፋ ቀና ስለሚሉ ሰዎች ነበር። ጠያቂዎቹም ያንን ኑሮ ራሳቸው የቀመሱ ይሁኑ ተባለ። ግሌኒስ ደግሞ ቀምሳዋለች፤ ድልድይ ሥር ከርማለች፣ ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች፣ ዛሬ አንዲት ክፍልና አንድ መጥበሻ አላት። ሥራ የሚባል ነገር ካየች ግን ስንት ዘመኗ! ስሟ የተጻፈበትን ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ዳቦ ልትገዛ ትሄዳለች። ገላዋን ስትታጠብም አታወልቀውም ይባላል፤ እኔ አላየሁም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሥራው ሕግ «ጠይቂ፣ ከዚያ አፍሽን ዝጊ» የሚል ነው። መጠየቁንስ ትችልበታለች።

ነጻ ቁርስ የሚታደልበት መኪና ጋ ቀርጻ ያመጣችውን ድምፅ አለቃዋ ኢሞጀን ቁጭ ብላ አዳመጠችው።

«ግሌኒስ፣ እዚህ ላይ ‹ሆስፒታል እንዴት ያዙሽ?› እያለ የሚጠይቀው ማነው?»

«ባሪ ነዋ።»

«ባሪ መላሹ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ። ግን ‹አንቺስ?› አለኝ። ሰው አንቺስ እያለሽ ዝም ትያለሽ? አሳዳጊ የበደላት ልባል?»

ይኸው ነው እንግዲህ። ሁሉም ያውቋታል፣ ሁሉም ይወዷታል፣ ሁሉም «አንቺስ?» ይሏታል። የከተማው ጥናት መሆኑ ቀርቶ የግሌኒስ የሕይወት ታሪክ ሆኖ ቁጭ አለ። የላይኛው ጥርሷ ሰው ሠራሽ መሆኑና የት እንዳሠራችው ሳይቀር ተቀርጿል።

ኢሞጀን ደግ ልጅ ናት፤ ግን ከእሷ በላይ አለቆች አሉባት። «ሌላ ሰው ስለራሱ ሲያወራ የሚሰማበት አንድ ቅጂ፣ አንድ ብቻ፣ እስከ ዓርብ አምጪልኝ። ካልሆነ ላቆይሽ አልችልም» አለቻት፤ ይህን ስትል እንባዋ መጥቶ ነበር። ለግሌኒስ ይህ ካርዱን መልሺ ማለት እኮ ነው። ካርዱን ከመለሰች እንደገና «ያቺ የታመመችው ሴትዮ» ልትሆን ነው፤ ይህን ደግሞ በቁሟ አትፈልገውም።

ስለዚህ ወደ ሜርቭ ሄደች። ሽማግሌዎች ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉበት ክበብ አለ፣ ሜርቭ የዚያ የጓሮ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው። ድልድይ ሥር አብረው ከርመዋል። ስለ እግር ኳስ ጠይቁት፣ ዳኛውን እስከ ሰባት ቤት ይሰድብላችኋል፤ ስለ ራሱ ግን «ደህና ነኝ» ነው፣ አለቀ። ግሌኒስ ይህ ሰው ቢያንስ «አንቺስ?» አይለኝም የሚል ተስፋ አደረባት።

ለማንኛውም ብላ መላም አዘጋጅታለች። ከቤተ ክርስቲያን ባዛር ቶፊ የሚባል ከረሜላ ገዛች፤ እናቶች በትንንሽ የወረቀት ስኒ እያፈሰሱ የሚሸጡትን፣ አፍ ውስጥ እስኪሞቅ ድንጋይ፣ ከሞቀ በኋላ ሙጫ የሚሆነውን። አፏ ሥራ ካገኘ ወሬውን ይረሳል ብላ ነው፤ ይህም እሷን ብልህ አስመሰላት፣ ለራሷ።

«ልቅረጽህ ሜርቭ?»

«ቅረጪ። ደህና ነኝ ነው የምልሽ።»

«ለመዳን የረዳህ ነገር ምንድን ነው?» አለችና ቶፊውን አፏ ውስጥ ወረወረችው።

ሜርቭ በእጁ የያዘውን የሥጋ ፓይ፣ ያንን ሥጋ የታጨቀበት ሙልሙል፣ ገመጥ አድርጎ አሰበ አሰበና «ምንም» አለ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንቺስ?»

ልትመልስ ነበር! እግዜር ምስክሬ ነው፣ ልትመልስ ነበር! ግን የላይኛው ጥርሷ ከታችኛው ጋር ግጥም ብሎ ቀረ። ብትስበው እምቢ፣ በምላሷ ብትገፋው እምቢ። እጇን ከታ እንዳታወጣው ወንድ ልጅ ፊት ጥርስ ማውለቅ አሳፈራት። ድልድይ ሥር አብረው ከርመው አሁን ነው እፍረት የመጣው!

«አንቺስ አልኩሽ እኮ።»

ዝም።

«ግሌኒስ?»

ዝም። ዓይኗ ብቻ ፈጠጠ።

ሜርቭ ፓዩን ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ አመድ መስሏል። ግሌኒስ ዝም ስትል ያያት ድልድይ ሥር ሳሉ ነው፣ ስትታመም፤ ያኔ ክረምቱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም።

«አይ፣ አይ! እንዳትሄጂብኝ!» ብሎ እጇን ጭብጥ አደረገ። «ስሚኝ፣ ያኔም እንዲህ ነበርሽ። የማደርገው ሲጠፋኝ ዝም ብዬ ሳወራሽ ከረምኩ። ስለ ልጄ ስለ ትሬሲ ነግሬሽ ነበር፣ ስታመም ፈርታኝ እንደሸሸች። ከሆስፒታል በፒጃማ አምልጬ አውቶቡስ ስሳፈር አንዲት አሮጊት ተነስታ እንዳስቀመጠችኝ። እዚህ ላይ ፈገግ ብለሽ ነበር ያኔ። እስቲ አሁንም ፈገግ በይ! በናትሽ!»

ግሌኒስ በአፍንጫዋ ጮኸች። ሜርቭ ጭንቀቱ ባሰበት።

«መጠጡን የተውኩት ለምን ይመስልሻል? ሰክሬ ብተኛ ማን ያወራሻል? ዝም ካልኩ የምትሞቺ ይመስለኝ ነበር!»

ግሌኒስ ደነገጠች። ያንን ክረምት ጭራሽ አታስታውሰውም፤ ብቻዬን ነበርኩ ብላ ነው የምታምነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ እፍረቱን ወዲያ ጥላ ጥርሷን ነቅላ አወጣችው።

«ቶፊ ነው፣ አንተ የማትረባ ሽማግሌ! ቶፊ!»

«አፈር ብዪ!» ብሎ ጮኸ ሜርቭ፣ ኮፍያውን መሬት ላይ እየፈጠፈጠ። «ልቤ ቀጥ ልትል ነበር እኮ! ቶፊ! በዚህ ዕድሜሽ ቶፊ!» ሳቀ፣ ተሳደበ፣ ደግሞ ሳቀ። ከዚያ የመቅረጫው ቀይ መብራት ዓይኑ ገባ። «ይሄ ነገር እየቀረጸ ነበር?»

«ነበር።»

 ግሌኒስ ካርዷን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ይህን ቅጂ ብትወስድ ሥራዋ ተረፈ። ግን ሰውዬው ፈርቶ ነው ያወራው፣ ጥናት መሆኑንም ረስቶታል።

«ላጥፋው» አለች። «ደንግጠህ ያወጣኸው ነው፣ አይቆጠርም።»

«ቆዪ። መጀመሪያ አሰሚኝ።»

በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዳመጡ። ሜርቭ ድምፁን እንዲህ ሰምቶት አያውቅም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚሰማ ሆኖ ነበር። ‹ሰክሬ ብተኛ ማን ያወራሻል?› የሚለው ላይ ሲደርስ ኮፍያውን ከመሬት አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

ሲያልቅ «ይሄ ሰውዬ» አለ ወደ መቅረጫው እያመለከተ፣ «ይሄ ሰውዬ ደህና ሰው ይመስላል።»

«ነው እንጂ» አለች ግሌኒስ፣ ያለ ጥርሷ።

«ለአለቃሽ ስጪያት እሺ? አታጥፊው።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ከመስጠትሽ በፊት ግን አንዴ ደግመሽ አሰሚኝ።»